«ልዩ ልዩ» ይሰረዝ ወይስ ይቆይ?

ክርክሩ የተነሳው በአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር ዕድር ነው። ባለፈው ወርሃዊ ስብሰባ የድንኳን ግዢ ሪፖርት እየቀረበ ሳለ አንዲት እናት ተነስተው «ሰፈራችን ሊነሳ ነው ይባላል፤ ዕድራችን ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው «ከአጀንዳ ውጭ ነው» ብለው አስቀመጧቸው። ከዚያ የዕድሩ ጸሐፊ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። በአጀንዳው መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚጻፈው «ልዩ ልዩ» ይሰረዝ፤ ጥያቄ ያለው ከሳምንት በፊት በጽሑፍ ያቅርብ፤ ማንም ከተያዘው አጀንዳ ውጭ አይናገር። አንዲት አባል ተቃወመች። ሁለቱም ሐሳባቸውን በጽሑፍ እንዲህ ተለዋወጡ።

ጸሐፊው

ስብሰባ የሚጠራው እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ሰው ተሟልቶ የሚጀመረው 4 ሰዓት ነው። 8 ሰዓትም ሆኖ አያልቅም። ስለ ወንበር እየተነጋገርን አንዱ ስለ ውሃ ያነሳል። ውሃው ሳያልቅ ሌላው ስለ መብራት ቆጣሪ። ከዚያ የጎረቤት ውሻ ይመጣል። ከዚያ ፖለቲካ። የሂሳብ ሪፖርቱ ሳይጸድቅ ሰው ይበተናል፣ ምልዓተ ጉባኤ የለም ይባላል፣ በሚቀጥለው ወር እንደ አዲስ እንጀምራለን።

መዋጮውን በሰዓቱ ከፍሎ፣ ጥጉን ይዞ ቁጭ ብሎ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ለሚሄደው አባል ማን ያስብለት? የእሱም እሑድ እኮ እሑድ ነው።

ዕድር ለቀብር ነው። ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል፣ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ገንዘብ ይሰጣል። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ እዚህ አንድ ላይ የሚቀመጡት ሌላውን ጉዳይ ደጅ ትተው ስለሚገቡ ነው።

ደግሞም ያለገደብ መናገር ሁልጊዜ የተበዳይ መሣሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ስትሮም ተርመንድ የተባለ የአሜሪካ ሴናተር የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያስከብር ሕግ እንዳይወጣ 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ተናገረ። የየክፍለ ግዛቱን የምርጫ ሕግ ሳይቀር እያነበበ ጊዜ ገደለ። ደንቡ ስለፈቀደለት ማንም አላስቀመጠውም። እኔ እንዲህ ያለ ደንብ አልፈልግም።

አባሏ

ጋሼ፣ «ዕድር ለቀብር ነው» አሉ። እዚህ ላይ ያቁሙልኝ።

በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ቤት ለቤት ሲገባ የአዲስ አበባ ዕድሮች ምን አደረጉ? ቀብሩ በዛ። ካዝናው አልበቃ አለ። ሬሳ ቆጥረው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ብዙዎቹ ግን ደንባቸውን አሻሻሉ። የታመመውን በሕይወት እያለ መርዳት ጀመሩ። ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ልጆች ደገፉ። ያኔ የበሽታውን ስም በሰው ፊት መጥራት ነውር ነበር። ታዲያ ያንን ጉዳይ ማን ነው አጀንዳ ያስያዘው? አንድ ሰው ተነስቶ ማንም መስማት ያልፈለገውን ስለተናገረ አይደለም?

እኚያ እናት ስለ ጎረቤት ውሻ አልጠየቁም። ስለ ዕድሩ ነው የጠየቁት። በ2016 ፒያሳ ሲነሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲነሳ አይተናል። በአንድ ጥሩምባ የሚሰባሰብ ሰው ከተማው ዳር ወዳሉ ሳይቶች ተበተነ። ግማሽ ዕድሜውን መዋጮ የከፈለ ሽማግሌ አዲሱ ብሎክ ላይ ቢሞት ድንኳን የሚተክልለት ማን ነው? ይህ ከቀብር ውጭ ነው? በእርስዎ በራስዎ ሚዛን እንኳ የእናታችን ጥያቄ አንደኛ አጀንዳ ነበር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ለሁሉም ሰጥቷል። ዕድራችን ከሕገ መንግሥቱ በላይ አይደለም።

ተርመንድዎም ቢሆን 24 ሰዓት ተናገረ እንጂ ሕጉን አላስቆመም። ሴኔቱ በዚያው ምሽት አጸደቀው።

ጸሐፊው

አንቀጽ 29 ድረስ መሄድሽ ገረመኝ። ያ አንቀጽ የተጻፈው መንግሥት የሰውን አፍ እንዳይዘጋ ነው። አንድ ዕድር «አሁን የምንነጋገረው ስለ ድንኳን ነው» ማለት አይችልም የሚል የት ጋ አነበብሽ? ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ላይ፣ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ፣ ሽምግልና ላይ ሰው በተያዘ ጉዳይ ነው የሚናገረው። ሁሉም ሕገ መንግሥት ጣሱ ልትይ ነው? አንቺ በሥራ ቦታሽ ስብሰባ መሀል ተነስተሽ ስለ ቤት ኪራይ ትናገሪያለሽ? አትናገሪም። ማንም መብትሽን አልነጠቀሽም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና እቁብን አይመለከትም። ፈቃድ አድሱ፣ ሪፖርት አምጡ ሳንባል በራሳችን ደንብ እየኖርን ነው። ሁሉም የመጣለትን እየተናገረ በሚጨቃጨቅበት ዕድር ይህ ነፃነት ስንት ዓመት የሚቆይ ይመስልሻል? ለመናገር ነፃነት ብለሽ የዕድሩን ነፃነት እንዳታስወስጂብን።

«ሬሳ ቆጥረው» ያልሽው ግን ከአንድ የዕድር አባል አፍ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ሌሊት 9 ሰዓት ጥሩምባ ሲነፋ ደብተሬን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ። አንድ ብር ተከፍሎኝ አያውቅም። ይህ ሬሳ መቁጠር ከሆነ፣ ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ አንቺ ቁጠሪ።

አባሏ

በመጀመሪያ «ልጄ» አይበሉኝ። በሌላ ቦታ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ እዚህ ግን መዋጮ የምከፍል አባል ነኝ። ሲቀጡኝ እንደ አዋቂ ይቀጡኛል። ስናገርም እንደ አዋቂ ይስሙኝ።

የእርስዎን ድካም ማንም አልካደም። ሌሊት መነሳትዎን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ጥያቄዬን አልመለሱም። «ዕድር ለቀብር ነው» ያሉትን አሁን የት ጣሉት? በሁለተኛው ጽሑፍዎ ውስጥ ፈለግኩት፤ የለም። በ1990ዎቹ የታመመ ሰው መርዳትስ ከአጀንዳ ውጭ ነበር ወይስ አልነበረም? እሱንም ዘለሉት።

ዋናው ነገር ይህ ነው። አጀንዳውን የሚጽፈው ማን ነው? ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና እርስዎ ናችሁ። ሦስታችሁ የመረጣችሁትን ሦስት መቶ ሰው ይነጋገርበታል። «ጥያቄ ያለው ከሳምንት በፊት በጽሑፍ ያቅርብ» ይላሉ ደግሞ። እኚያ እናት ፊደል አልቆጠሩም። ሌሎችም አሉ። ለእነሱ የቀረላቸው በር «ልዩ ልዩ» ብቻ ነበር። እሱም የሚደርሰው ሰው ከሄደ በኋላ፣ ወንበር እየተሰበሰበ ነው። እርስዎ አሁን የተረፈችውን ስንጥቅ ልድፈን እያሉን ነው።

አጀንዳ ላይ ቢጸና እኔም አልጠላም። ሁለት ሰዓት ስለ ውሻ መስማት ያሰለቸኛል። ነገር ግን አጀንዳ የሚያዘው ከላይ ብቻ ከሆነ «ከአጀንዳ አትውጡ» ማለት «ከእኛ ሐሳብ አትውጡ» ማለት ነው።

ጸሐፊው

መናገር ያልፈለግኩትን እያናገርሽኝ ነው።

የእኔም ቤት ከሚነሱት ውስጥ ነው። ከእናታችን እኩል እንቅልፍ አጥቻለሁ። ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ከስብሰባው በፊት በየበሩ የሚወራውን ስለሰማሁ ነው። «ዕድሩ ይፍረስ፣ ገንዘቡን እንካፈል» የሚሉ ሰዎች አሉ። የእናታችን ጥያቄ እንደተነሳ ከኋላ ሁለት እጅ ሲወጣ አየሁ። ለምን እንደወጣ አውቃለሁ። ያ ቃል አንዴ በስብሰባ ፊት ከተነገረ የሚመልሰው የለም። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። የግል ይዞታ ያለው ምትክ ቦታ ተሰጥቶት ወደ ሌላ። ሁሉም ድርሻዬን ይላል። ድንኳኑን በሜትር ቀድደን ልንካፈል ነው? ባለፈው ወር የገባና አባቱ የመሠረተው እኩል ሊወስዱ ነው?

ሰው በተደናገጠበት ሰዓት ያለ ዝግጅት የተነገረ ቃል ዕድር ያፈርሳል። አጀንዳ ማለት ለእኔ ይህን መከላከያ ነው። መጀመሪያ ሂሳቡ ይታወቅ፣ ደንቡ ይነበብ፣ ከዚያ ሰው ይናገር።

አባሏ

እንግዲህ ጉዳዩ የሰዓት አልነበረም። ውሻውም ቆጣሪውም አልነበሩበትም። «እንካፈል» የሚለውን ቃል ፈርተው ነው «ልዩ ልዩ» ይሰረዝ ያሉት።

መካፈሉን እኔም እቃወማለሁ። ግን ጋሼ፣ ያ ቃል እኮ ተነግሯል። በየበሩ፣ በየሱቁ፣ በየቡና መጠጫው ተነግሯል። ያልተነገረው ስብሰባው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ «እንካፈል» የሚለው ሰው በየቤቱ ደጋፊ ያበዛል፤ «አይሆንም» የሚለው ግን የሚመልስበት መድረክ የለውም። እርስዎ አሁን የጻፉትን፣ ድንኳን በሜትር አይቀደድም ያሉትን፣ ያን እሑድ ተነስተው ቢናገሩት ኖሮ ግማሹ ሰው ከእርስዎ ጋር ይቆም ነበር። ዝምታዎ የጠቀመው እነዚያን ሁለት እጆች ነው።

መነጋገር ያለብን ብዙ ነው። ሰው ቢበተንም ዕድሩ እንዴት ይቆያል? መዋጮ በባንክ ወይም በቴሌብር ይሰብሰብ? ድንኳኑ የት ይቀመጥ? የቀብር ማጓጓዣ ይጨመር? በስልክ የሚያውጅ ሰው በየሳይቱ ይመረጥ? ይህን በሙሉ ለመነጋገር ደግሞ ጊዜ የለንም።

ጸሐፊው

አጀንዳ ይያዛል። ቅዳሜ ከሰዓት እቤቴ ነኝ፤ መጻፍ የማይችል ይምጣ፣ እጽፍለታለሁ። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ። ተራ ቁጥር 3 ነው፤ ሂሳቡና የድንኳኑ ግዢ ይቀድማሉ። «ልዩ ልዩ» ይሰረዝ ያልኩትን ግን አልተውኩም። ለድምፅ ይቀርባል።

አባሏ

ለድምፅ ይቅረብ፤ ግን ሰው በሞላበት ሰዓት። ተራ ቁጥር 3 ላይ ሲደረስ 7 ሰዓት ይሆናል፣ እናቶቹ ሄደዋል። የሰፈሩ ጉዳይ ተራ ቁጥር 1 ይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት እኚያን እናት ይዣቸው እመጣለሁ፤ የሚሉትን ቃል በቃል ይጻፉላቸው።