ፎቁስ ይሠራ፣ ውሃው ከየት ይመጣል?

ስለ ሰፈራችን ፎቆች ትንፍሽ ባልኩ ቁጥር "አንተ ልማት ትጠላለህ" የሚለኝ ሰው በዝቷል። አልጠላም። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ፣ ከልጆቹ ጉሮሮ እየነጠቀ ሲቆጥብ ኖሮ፣ እስካሁን ዕጣ ያልወጣለት ስንት ሰው አለ። አዲስ አበባም ወደ ጎን እየሰፋች የገበሬውን መሬት ከምትጨርስ ወደ ላይ ብትሠራ ይሻላል። በዚህ አልከራከርም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ ነው የምንኖረው። ውሃ በፈረቃ ነው፣ እሱም ሌሊት። እናቶች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው ጀሪካን ይደረድራሉ። እዚህ መሃል ድሮ አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረ ግቢ ፈርሶ ባለ 14 ፎቅ አፓርትመንት ቆመ፣ አጠገቡ ሌላው እየተቆፈረ ነው፣ የውሃ መስመሩ ግን ያው የድሮው ቀጭን ቱቦ ነው። ፎቁ ምድር ቤቱ ውስጥ ትልቅ ታንከር አለው፣ ፓምፕ አለው። በተራችን ቀን ውሃ መጣ ሲባል ቀድሞ የሚሞላው እሱ ነው። ከእኛ ቧንቧ የሚወጣው አየር ነው።

ፍሳሹም እንደዚሁ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የማንሆሉ ክዳን ይነሳና ቆሻሻው ኮብልስቶኑ ላይ ይወርዳል፤ ልጆች እሱን እየረገጡ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት።

አዲሱ ቁፋሮ ደግሞ የጎረቤታችንን አጥር ይዞት ወረደ። የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። እኚህ እናት አቤት ቢሉ ያገኙት መልስ "ቤቱ ድሮም ያረጀ ነው" የሚል ነው። ያረጀ ቤት ውስጥ እኮ ሰው ይተኛል!

"የቤት እጥረት ይቀንሳል" ትሉኛላችሁ። ካሬው ከመቶ ሺህ ብር በላይ የሚሸጥ አፓርትመንት የትኛውን ተከራይ መምህር ነው የሚያሳርፈው? እሺ፣ ይሁን፣ አቅም ያለው ይግዛ። ግን ፈቃድ የሚሰጠው አካል ወረቀቱ ላይ ከመፈረሙ በፊት ሰፈሩ ድረስ ይምጣና ቱቦውን ይይ፣ ፍሳሹ የት እንደሚገባ ይጠይቅ። መንገዳችን ሁለት መኪና አያሳልፍም። አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪናው በየት በኩል ነው የሚገባው?

የምንጠይቀው ይህንን ነው፦ የውሃና የፍሳሽ መስመሩ ሳይቀየር ቀጣዩ ፎቅ እንዳይጀመር፣ የወደቀው አጥርም እንዲሠራ። ፊርማው እድራችን ጸሐፊ ጋ ነው። ያልፈረማችሁ ጎረቤቶች እሁድ ከስብሰባው በፊት ፈርሙ።