ይሄ ዘፈን የኛ ሰፈር ነው

እስኮትላንድ፣ ግላስጎ ውስጥ ሰርግ ተጠርቼ ነው። ሙሽራው የስራ ባልደረባዬ ነው፣ ቤተሰቦቹ ስካይ ከምትባል ደሴት ናቸው፣ የሙሽሪት ወገኖች ደሞ ከባሎክ፣ የሎክ ሎመንድ ሀይቅ ደቡብ ጫፍ ላይ ካለችው ከተማ። ይሄን ሁሉ የምዘበዝበው ጂኦግራፊ ላስተምር ብዬ ሳይሆን ነገሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ስለሆነ ነው፣ ታገሱኝ።

ከሙሽራው አጎት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። ሰባን የተሻገሩ፣ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሰውዬ፣ ኪልት የሚሉትን የወንዶች ሽርጥ ለብሰው ረጅም ካልሲ አጥልቀው ካልሲው ውስጥ ትንሽዬ ጩቤ ሽጠዋል። ለጌጥ ነው፣ ባህላችን ነው አሉኝ። እሺ አልኩ። ካልሲው ውስጥ ጩቤ የሻጠ ሰው የሚለውን ሁሉ እሺ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። መሀል ላይ ሀጊስ መጣ፣ የበግ ልብና ሳንባና ጉበት ከአጃ ጋር ተከትፎ በጨጓራ የተቀቀለ፣ ሁሉም ዞር ዞር ብለው ፊቴን ያያሉ አሁን ሊደነግጥ ነው ብለው፣ ዱለት በልቶ ያደገን ሰው! ሚጥሚጣ የለም ወይ ነው ያልኩት።

ከዛ ባንዱ ጀመረ፣ ቫዮሊን፣ አኮርዲዮን፣ ከበሮ። ጭፈራውን ኬይሊ ይሉታል። ገና የመጀመሪያው ዜማ ሁለት ዙር ሳይሞላ አጎትየው ጠረጴዛውን መታ አድርገው «ይሄ የኛ ነው» አሉኝ። የስካይ ጀልባ መዝሙር። የብሪታንያ ዙፋን ለአባቴ ይገባል ብሎ ያመፀው ልዑል ቻርሊ በፈረንጅ 1746 ኩሎደን የሚባል ቦታ ላይ ከተሸነፈ በኋላ በ30 ሺ ፓውንድ ሲታደን፣ ፍሎራ ማክዶናልድ የምትባል ወጣት የሴት ቀሚስ አልብሳ ቤቲ በርክ የምትባል ገረዷ አስመስላ በጀልባ ወደ ስካይ አሻገረችው፣ ያ ሁሉ ብር ተቆርጦለት አንድም ሰው አልጠቆመም። ሲነግሩኝ እሳቸው ራሳቸው የቀዘፉ ነው የሚመስሉት። እኔም ክፉ አመሌ ነው፣ ስልኬን ከጠረጴዛ ስር አወጣሁና ፈተሽኩ። ዜማው እውነትም የስካይ ነው፣ በ1870ዎቹ አንዲት ሴት ሎክ ኮሩስክ የሚባል ሀይቅ ላይ በጀልባ ስትሄድ ቀዛፊዎቹ በጌሊክ ቋንቋ ሲያዜሙት ሰምታ ነው የያዘችው። ግጥሙን ግን የጻፈው ሀሮልድ ቦልተን የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ የታተመውም በ1884፣ ልዑሉ ከሸሸ ከ138 አመት በኋላ ማለት ነው። እንግሊዝ ያሳደደውን ልዑል እንግሊዝ ገጠመለት! ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ቀጥሎ ቫዮሊኑ ቀስ ብሎ ነጠር ነጠር የሚል ነገር ጀመረ። ስትራትስፔይ ይባላል አሉኝ፣ የስፔይ ወንዝ ሸለቆ ማለት ነው፣ የቦታው ስም የዜማው አይነት ስም ሆኖ ቀረ። እዚህ ጋ እኔም ደረቴን ነፋ አደረኩ፣ እኛም ባቲና አምባሰል አለን አልኳቸው፣ ወሎ ውስጥ ያሉ ቦታዎች ናቸው፣ ዛሬ የቅኝት ስም ናቸው፣ ጎንደሬውም ሸዌውም አምባሰል ብሎ ነው ክራሩን የሚቃኘው። አጎትየው አሰብ አደረጉና «እዛም ውስኪ ይወጣል?» አሉኝ። ለካ የስፔይ ሸለቆ አገሩ ሁሉ የውስኪ ፋብሪካ ነው። አረቄ አለ አልኩ፣ ተግባባን።

ስለ ውስኪ ካነሳን፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ ለእረፍት መጥቶ አጠገባችን ቁጭ ሲል የነገረኝን ልንገራችሁ፣ ከሌሊቱ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ኒል ጋው የሚባል ባለቫዮሊን ነበር፣ ከ1727 እስከ 1807 የኖረ፣ ደንኬልድ አጠገብ ኢንቨር የምትባል ቦታ የነበረ ሰው። በ1799 የገብስ ምርት ጠፋና ውስኪ ማውጣት ተከለከለ። ሌላው ሰው ቢሆን ያማርራል፣ እሱ ቁጭ ብሎ የስንብት ዜማ ሰራለት፣ «ደህና ሁን ውስኪ» ብሎ። ሲሰሙት እኮ እናቱ የሞተችበት ነው የሚመስለው። ከዛ ክልከላው ሲነሳ ደሞ «ውስኪ እንኳን ደህና መጣህ» የሚል ፈጣን ዜማ አለለት። ይሄው ሰውዬ «ለሁለተኛ ሚስቴ ሞት ልቅሶ» የሚል የሚያንሰፈስፍ ዜማም አለው፣ እስኮትላንድ ውስጥ ከታወቁት ሀዘኖች አንዱ ነው። ለመጀመሪያዋስ? ብዬ ጠየኩ። ቫዮሊን ተጫዋቹ ቢራውን አየና ዝም አለ። ለውስኪ ሁለት ዜማ!

ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ከሀሪስ ደሴት የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፣ እሳቸው ደሞ ይሄ ሁሉ የወንዶች ጫጫታ ነው፣ እውነተኛው ዘፈን የሴቶቹ ነው ብለው ገቡበት። ድሮ ደሴቶቹ ላይ ሱፍ ተሸምኖ ሲወጣ እንዲጠብቅ ሴቶች ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለው በእጃቸው እየደበደቡ ያዜማሉ፣ አንዷ ታወጣለች ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ባጭሩ ደቦ ነው። ስራው የሚለካው በሰአት ሳይሆን በዘፈን ነው፣ ይሄ ጨርቅ ይሄን ያህል ዘፈን ይቀረዋል ይባላል፣ ደሞ አንዴ የተዘፈነ እዛው ላይ ከተደገመ ገድ አይደለም። በዛ ላይ እገሊትን ለእገሌ እያሉ ገጥመው የሰፈሩን ሀሜት በሙሉ እዛው ያወጡታል። ሁሉም ጥሩ ነበር፣ ሱፉ የሚነከረው በምን እንደሆነ ባልጠይቅ። ከየቤቱ ተሰብስቦ በከረመ ሽንት ነው አሉኝ፣ ሁለተኛውን ሀጊስ እየጎረስኩ።

አጎትየው መሸነፍ አልወደዱም። ማክፈርሰን የሚባል ሽፍታ አመጡብኝ፣ በ1700 ባንፍ ከተማ የተሰቀለ፣ ቫዮሊን የሚጫወት ሽፍታ። የስቅላት ገመዱ ስር ቆሞ የራሱን ዜማ ተጫወተ፣ ቫዮሊኔን የሚወስድ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ማንም አልደፈረም፣ ሰበረው ይባላል። ምህረት እየመጣለት ስለነበር የከተማው ሹም ሰአቱን ወደፊት ገፋው ይላሉ ደሞ። ታሪክ ይሁን ተረት እሳቸው ግድ የላቸውም፣ ሰአቱን የገፋው ሰውዬ ላይ ዛሬም ቂም ይዘዋል።

ከዛ ባግፓይፕ፣ ያን ከረጢት ያለውን የእስኮቶች ዋሽንት የያዘ ሰው ገባ። ሃይላንድ ካቴድራል የሚባለውን ሲነፋ አጎትየው መነፅራቸውን አውልቀው አይናቸውን ጠረጉ፣ «የአባቶቻችን ድምፅ» አሉኝ። አመሌ አይለቀኝም፣ ስልኬን አየሁ። በ1982 ሁለት ጀርመኖች የሰሩት ነው። 1982! ከአንዳንዶቻችን እድሜ ያንሳል። አልነገርኳቸውም። ካልሲያቸው ውስጥ ጩቤ አለ።

ወደ መጨረሻው ሎክ ሎመንድ ተዘፈነ፣ አንተ በላይኛው መንገድ ሂድ እኔ በታችኛው እሄዳለሁ የሚለው። አሁን የባሎኮቹ ተራ ሆነ፣ የሙሽሪት አክስት ብድግ ብለው «ይሄ እንኳን የኛ ደጃፍ ነው!» አሉ ወደ አጎትየው እያዩ። የዘፈኑ ወሬ የታወቀ ነው፣ ከ1745ቱ አመፅ በኋላ ካርላይል የታሰሩ ሁለት ወታደሮች፣ አንዱ ይፈታል አንዱ ይሰቀላል፣ የታችኛው መንገድ የሙታን መንገድ ነው፣ የሚሰቀለው በሱ ስለሚሄድ አገሩ ቀድሞ ይገባል። አጎትየው ታዲያ «ካርላይል እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ እንዴት የእናንተ ደጃፍ ይሆናል» አሉና ጠብ ሊነሳ ሲል ሰርገኛው በሙሉ ተነስቶ ሙሽሮቹን ከቦ፣ ተያይዞ፣ እየጮኸ ወደ መሀል መሮጥ። ሊሰቀል ባለ ሰው እንጉርጉሮ ሙሽሮቹን ሊጨፈልቋቸው ነው እኮ! ግን ምን እላለሁ፣ እኛስ ትታኝ ሄደች የሚለውን ዘፈን ሰርግ ላይ እስክስታ እንመታበት የለ።

መዝጊያው ኦልድ ላንግ ሳይን ነው፣ «የድሮው ዘመን» እንደማለት። ገጣሚያቸው ሮበርት በርንስ በ1788 የላከው፣ ከአንድ ሽማግሌ አፍ ያዝኩት ያለው። ዜማውን አለም ተካፍሎታል፣ ማልዲቭስ እስከ 1972 ብሔራዊ መዝሙሯን በሱ ትዘምር ነበር፣ ጃፓን ደሞ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ይለቁታል፣ እስኮቶች እንባ የሚያፈሱበት እነሱ ጋ «ደምበኛችን ሂሳብ ይክፈሉ» ነው። እኔ ከመጀመሪያው ስንኝ እጄን አጣምሬ ቆምኩ፣ ለካ የሚጣመረው መጨረሻ ላይ ነው፣ አክስትየው እንደ ህፃን እጄን ፈተው አስተካከሉልኝ።

እዛው ቆሜ ግን አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ዜማው አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ትዝታ ሜጀር ነው! ስሙም ትዝታ ነው ማለት ይቻላል።

ለእንቁጣጣሽ የኮሚኒቲያችን ዝግጅት ላይ ይሄን ነገር ለክራር ተጫዋቻችን ነገርኩት፣ ሳቀና ትንሽ ቃኝቶ ቀስ አድርጎ አወጣው። አዳራሹ ፀጥ አለ። አጠገቤ ደሴ ያደጉ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ አይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ወዘወዙና «ይሄማ የወሎ ነው፣ እንግሊዞቹ መቅደላ የመጡ ጊዜ ሰምተው ነው ይዘውት የሄዱት፣ ዘውዱንም መጽሐፉንም እንደወሰዱት» አሉኝ። መቅደላ በፈረንጅ 1868 ነው፣ በርንስ ግጥሙን የላከው 80 አመት ቀድሞ ነው፣ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እንባቸው ወረደ። ካልሲያቸውን አየት አደረኩ፣ ጩቤ የለም፣ ግን ማን ያውቃል ብዬ «ልክ ነዎት ጋሼ» አልኩ።