ማስተካከያ፦ የራቭ ፎር የዘይት ፊልትሮ ክዳን

ባለ 2.5 ሊትር ሞተሩን፣ የፊልትሮው ወረቀት ብቻ የሚቀየርለትን ቶዮታ ራቭ ፎር ዘይት በቤት ስለ መቀየር ባለፈው ስጽፍ፣ ክዳኑ «አልዞርም እስኪል ይጥበቅ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የማጥበቂያው ልክ 25 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዣ ኃይል መለኪያ) ነው፤ ክዳኑም ላይ ተቀርጿል። ከዚያ ካለፈ የፕላስቲክ ክዳን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ባይሰነጠቅ እንኳ በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈታ ላብ ያስወጣል።

የክዳኑን አሮጌ ጎሚኒ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን የላስቲክ ቀለበት) «ደህና ከሆነ መልሱት» ማለቴ ደግሞ የባሰው ነው። አዲሱ ከፊልትሮው ጋር በካርቶኑ ውስጥ ይመጣል፤ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ስለሆነ ከማሸጊያው ጋር እንዳትጥሉት። ንጹሕ ዘይት ቀብታችሁ በክዳኑ ጥርስ ላይ ሳይሆን በራሱ ቦይ ውስጥ አስገቡት። አሮጌው ቦዩ ውስጥ ተጣብቆ እንዳይቀር በጣታችሁ ዳስሱ፤ ሁለቱ ከተደራረቡ ዘይቱ መፍሰሱ አይቀርም።

የዘይቱ መጠን፣ እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) ለተሠሩት 4.4 ሊትር፣ እንደ ጻፍኩት ነው።