ማሽኑ ብቻውን አያውቅም
አንድ ያነበብኩት ጽሁፍ ኒር ኢንፍራሬድ ማሽን (ለዓይን የማይታይ ብርሃን እቃው ላይ አብርቶ የሚመለሰውን የሚያነብ) እቃውን ሳይነካ በሰከንዶች ጥራቱን ይናገራል ይላል፣ እውነት ነው ግን ግማሹ ቀርቷል። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ከዚሁ ማሽን ጋር ነው የምውለው፣ መጀመሪያ በኬሚካል ዘዴ በተለኩ ብዙ ናሙናዎች ካላስተማራችሁት ቁጥር ይሰጣችኋል ግን ዝም ብሎ ቁጥር ነው። ደሞ የውሃው ጉድ! ማሽኑ በሚስለው የብርሃን መስመር (ስፔክትረም) ላይ የሞገድ ርዝመቱ 1450 እና 1940 ናኖሜትር አካባቢ ጉብ ብሎ ይወጣል፣ አንዴ ዱቄት ክዳኑ ሳይገጠም አድሮ እርጥበት ስቦ ስፔክትረሙ ሌላ እቃ መሰለ፣ የዚያን ዙር ምርት በሙሉ ልንጥለው ስንል አንዱ ልጅ እስቲ አድርቀን እንየው አለ፣ ስናደርቀው ልክ ሆኖ ቁጭ። ጥቁር ፕላስቲክ ላይማ ጭራሽ አትልፉ፣ ውስጡ ያለው የካርበን ጥላሸት ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል፣ ከዝርግ መስመር በቀር የሚታይ ነገር የለም።