ጀሪካን መሸከም ስፖርት ከሆነማ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ የተነገረን ውሳኔ አጭር ነው፦ የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል የስፖርት ክፍለ ጊዜ እስከ ክልላዊው ፈተና ድረስ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይውላል። በእህቴ ልጅ ደብተር ጀርባ ላይ «ስፖርት» የሚለው ቃል ከወዲሁ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል።

ውሳኔው ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ያንገበገበኝ የተሰጠው ምክንያት ነው። «የእኛ ልጆች ከገጠር በእግራቸው ይመጣሉ፣ ከብት ይጠብቃሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ከዚህ በላይ ምን ስፖርት አለ?» አሉ ሰብሳቢው። ተጨበጨበላቸው።

ድካም ስፖርት ቢሆን ኖሮ የጎጃም አህያ እስካሁን ስንት ሜዳሊያ በወሰደች! የሯጮች መፍለቂያ የሆነችው የአርሲዋ የበቆጂ ልጆችስ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በመኪና ነበር? ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ሥንታየሁ እሸቱ በዚያው በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደብረ ማርቆስም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የጮቄ ተራራ ደግሞ 4,000 ሜትርን ያልፋል። ዳገቱ ሞልቶናል፤ ያጣነው ፊሽካ የያዘ መምህር ነው።

ለመሆኑ ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ሴቷ ናት። ወንዱማ ክፍለ ጊዜው ቢሰረዝም ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ኳሱን ይለጋል፣ ለገናም ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወርዳል፤ ከልካይ የለውም። ሴት ልጅ ግን በዚህ ዕድሜዋ ስትሮጥ ብትታይ «ምን ነካት?» ትባላለች። ማንም ሳይናገራት የምትዘልበት ሰዓት ቢኖር ያ የተሰረዘው ነበር፤ መምህር ስላዘዛት። አምና በዚያው ትምህርት ቤት አጥር ሥር ሳልፍ አንዷን አይቻለሁ። የዩኒፎርም ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ መረብ ኳስ ትጫወታለች። መረብ እንኳ የለም፤ በሁለት ዛፎች መካከል የተወጠረ ገመድ ነው። የመታችው ኳስ ገመዱን ሲያልፍ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣ እንዲህ የምትስቅ ልጅ ያየ ካለ ይንገረኝ።

በአማራ ክልሉ ግጭት ምክንያት የባከነው የትምህርት ጊዜ መካካስ አለበት፤ አልክድም። ግን የተኩስ ድምፅ እየሰማ ቤት ተዘግቶበት የከረመ ልጅ ሲመለስ የሚጠብቀው ሌላ የተዘጋ ክፍል ይሁን? ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የወደቁት ኳስ አብዝተው ነው?

እጄን አውጥቼ «ሴቶቹስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ፤ የአጥር ማሳደሻ መዋጮ።