የሰው ሀገር ባቡር ቀያሪዎቻችንን ሺህ ዓመት ያንግስልን

ሰሞኑን ደሴ ላይ ማኪያቶ በሰላም መጠጣት አልተቻለም። ፒያሳም ሂዱ፣ ሰኞ ገበያም ውረዱ፣ ርዕሱ አንድ ነው። አውሮፓ ያረጁ የናፍጣ ባቡሮቿን በምን ትተካ? ሃይድሮጅን ወይስ ባትሪ? ጠረጴዛ ይደበደባል፣ ስልክ ይዞራል፣ "ቆይ ይቺን ቪዲዮ እያት" ይባላል። ትናንት አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በዚሁ ጉዳይ ተኮራርፈው ተለያዩ። ጉዳዩ የጀርመን ገጠር ነው። ሰዎቹ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጆች ናቸው።

እኔ ግን ልወቅስ አልመጣሁም፤ ላመሰግን ነው። የራሱን ችግር የሚያስብማ ሞልቷል። የሰው ሀገር ሐዲድ አሳስቦት እንቅልፍ የሚያጣ ግን ከወሎ ውጪ የት ይገኛል? እንግዳ ተቀባይነታችን ድሮም የታወቀ ነው። አሁን ደግሞ የእንግዳውን ችግር ቤቱ ድረስ ሄደን መቀበል ጀምረናል።

እውቀታቸውም ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች በ1980ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የአውቶቡስ አካል በሁለት አክስል ላይ ጭነው "ባቡር ነው" ብለው ለሕዝብ እንደሰጡ ያውቃሉ። ፔሰር ይባል ነበር። ኩርባ ላይ ሲደርስ ያፏጫል፣ ሐዲዱ ትንሽ ከተበላሸ ያዘልላል፣ በዚህ ሁኔታ እስከ 2021 ድረስ ሰው ጭኗል። ይሄን ሲያወሩ እንባቸው ሊመጣ ይደርሳል። "እንዴት ሰውን ያህል ፍጡር በአውቶቡስ አካል ይጭናሉ!" ይላሉ፣ ከዚያ ተነስተው መናኸሪያ ይሄዳሉ።

የታችኛው ሳክሶኒንም ነገር በጥልቀት ነው የያዙት። ይህች የጀርመን ግዛት በ2018 በዓለም የመጀመሪያዎቹን የሃይድሮጅን መንገደኛ ባቡሮች አስነሳች። በ2022 መስመሩን ሙሉ ለሙሉ ከናፍጣ ለማላቀቅ 14 ባቡሮች መሰማራት ጀመሩ። በዓመቱ ደግሞ ያችው ግዛት "ለሥራ የሚረክሰው ባትሪ ነውና ቀጣዩ ግዢዬ ባትሪ ነው" አለች። ይሄ ዜና የተሰማ ዕለት የሃይድሮጅን ጎራ ሐዘን ተቀመጠ። የባትሪ ጎራ ሻይ ጋበዘ። አንድ ጡረተኛ ብቻ ከሁለቱም ሳይሆኑ "የድሮዋን የጣሊያን ባቡር ሊቶሪናን የመሰለ ነገር አይመጣም፣ ናፍጣም ቢሆን ጨዋ ናፍጣ ነበር" ብለው ጋዜጣቸውን ገለጡ።

የእኔ ተወዳጅ ግን የሚኒባሱ ሰውዬ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ተገናኘን። ረዳቱ "ኢንጂነር" ይለዋል፤ ምን እንደሠራ ግን ማንም አያውቅም። ወንበር ስላለቀ ሞተር ላይ ነው የተቀመጠው፣ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ። ልክ እንደ አስተማሪ። እኛም ተማሪ ሆንን፤ ምን አማራጭ አለን፣ በሩ በገመድ ታስሯል።

"ናፍጣ እኮ አብቅቶለታል" አለ። ከሥሩ ናፍጣው መቀመጫውን እየጠበሰው ነው።

"አውሮፓ ውስጥ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ያገለገለ ባቡር ሰው ላይ ጭስ እየተፋ ይሄዳል። ነውር አይደለም?" አለ። ነውር ነው አልን። ከኋላችን ያለው ገልባጭ መኪና በጭሳችን ምክንያት ከእይታ ጠፍቷል።

ከዚያ ባትሪውን አስረዳን። ባትሪ ያለው ባቡር ከሐዲዱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት እየሄደ ይሞላል። ሽቦው ሲያልቅ በራሱ ባትሪ ይቀጥላል። ፍሬን ሲይዝ ደግሞ የፍጥነቱን ጉልበት መልሶ ወደ ባትሪው ይከተዋል፣ ሁሉም ባክኖ አይቀርም። ይሄን እያለ ረዳቱ "ትርፎች ጎንበስ በሉ! ትራፊክ አለ!" ብሎ ጮኸ። ትርፍ የተባልነው ሁሉ አጎነበስን። ኢንጂነርም ትርፍ ነውና አጎነበሰ። ዝም ያለ መስሏችሁ ነው? ከሽንኩርት ጆንያው ጀርባ ድምፁ ይሰማል፦ "ሃይድሮጅን ግን አንዴ ከተሞላ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል!"

የሐረጎን ዳገት እኩል ስናደርስ ሞተሩ ፈላ። ሹፌሩ ዳር ያዘ፣ ረዳቱ ለጎማው ድንጋይ ታኮ አደረገና ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ወረደ። ጭጋጉ ወርዷል፣ አንድ ሜትር አይታይም። ኢንጂነር ደስ አለው። "አያችሁ! ባትሪ ቢሆን አይፈላም!" አንድ ጎረምሳ ደግሞ "ባትሪ ብርድ አይወድም፣ ለደሴ ሃይድሮጅን ነው የሚሻለው" ብሎ ተነሳበት። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመው ተከራከሩ። ስለ ዋጋው፣ ስለ ታንኩ፣ ሃይድሮጅኑን ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይረው ነዳጅ ሴል። ረዳቱ ውሃ ይዞ መጣ፣ አልቆሙም። ሰዉ ሊገፋ ወረደ፣ አልቆሙም። ኢንጂነር አልገፋም፣ እጁ ለማስረዳት ያስፈልገዋል። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ጠየቁ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ያልከው ባቡር ትርፍ ይጭናል?"

"ኧረ እማማ! እዚያ ትርፍ የሚባል ነገር የለም!"

"ታዲያ አንተ በምን ልትሄድ ነው?"

ከዚህ በላይ ጥልቅ የሆነ ጥያቄ በዚህ ጉዳይ ላይ ሲነሳ አልሰማሁም።

አሁን ቀልዱን ትንሽ ላቁመው። ኮምቦልቻ እኮ ሐዲድ አላት! ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አልፎ ሐራ ገበያ የሚደርስ፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውል የተገባበት፣ ተራራ ተበስቶ ዋሻ የወጣለት። ከጅምሩ ለኤሌክትሪክ ነው የተሠራው። ጀርመን ገጠር ውስጥ ባትሪና ሃይድሮጅን የሚፈለገው ለጥቂት ተሳፋሪ ሽቦ መዘርጋት ውድ ሆኖባቸው እንጂ ሽቦ ካለማ ጨዋታው አልቋል። እኛ የእነሱን የመጨረሻ መልስ ቀድመን ይዘን ተቀምጠናል። ምጣዱ ተገዝቶ፣ ሊጡ ቦክቶ፣ የጎረቤት ምድጃ እንዴት ይቀየር እያልን እንጨቃጨቃለን። ጦርነቱ መጣ፣ የተዘረፈው ተዘረፈ፣ የፈረሰው ፈረሰ፣ ባቡሩም ሥራ ሳይጀምር ቀረ፤ ይገባኛል። ግን ገበሬው መሬቱን የለቀቀው ልጆቹ በግ እየጠበቁ ሐዲድ ላይ እንዲቀመጡ አይደለም። አዲስ አበባ ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው በሽተኛ ሌሊት ተነስቶ ብርድ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቀው፣ ከከተማው በታች ባቡር ጣቢያ ተገንብቶ እያለ ነው። ይሄ ያናድዳል። በጣም ያናድዳል። ማን ምን ያህል እንደጠገነ፣ ምን እንደቀረ፣ መቼ እንደሚነሳ በግልጽ መጠየቅ የዜጋ ወግ እንጂ ወንጀል አይደለም።

ሞክሩት እስቲ። ያ ሁሉ ሊቅ በተሰበሰበበት ጠረጴዛ ላይ "የኛውስ ሐዲድ?" በሉ። ጸጥ ይላል። አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ሳል ይጀምረዋል። ሦስተኛው ትከሻችሁን መታ አድርጎ "አብሽር ወንድሜ፣ ርዕስ አናስቀይር" ይላችኋል። ቀጥሎ ያለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ፖለቲካ አታድርገው" ይጨምርላችኋል። እውነታቸውን ነው። የጀርመን ባቡር ፖለቲካ የለውም። የፈለጋችሁትን ብትሰድቡት ማንም ስማችሁን አይጠይቅም። የታችኛው ሳክሶኒን ትራንስፖርት ባለሥልጣን ደሴ ሆኖ እንደመተቸት ያለ ነፃነት የት ይገኛል?

ስለዚህ ይቀጥሉ። ጀርመኖቹ ከውጭ እየተገመገሙ መሆናቸውን ባያውቁም፣ ሥራቸው ያለ ተቆጣጣሪ እንዳልቀረ እኛ እናውቃለን። እንዲያውም የተማረ አስተያየት እየተላከላቸው ነው። ቪዲዮው ሥር አስተያየት መስጫው ላይ በአማርኛ "ተሳስታችኋል" የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ከዚህ ነው የሄደው።

የሚቀጥለው አጀንዳም ተቆርጧል፦ ጃፓን ውስጥ ባቡር አንድ ደቂቃ ሲዘገይ ተሳፋሪውን ይቅርታ መጠየቅ ይበቃል ወይስ ያንሳል? ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ወንበር ቶሎ ነው የሚያልቀው። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ጠዋት ተነሱ፤ ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም።