የውሮ ቅሬ

ድመት እወዳለሁ። ይቺን ሁለት ቃል በአደባባይ ለመናገር 43 ዓመት ፈጅቶብኛል።

ደሴ ውስጥ አንድ ጎልማሳ በቅሎ ቢወድ የአባቱ ልጅ ይባላል። ውሻ ቢወድ ቤቱን የሚያስጠብቅ ነው። በግ ቢወድ ማን ይጠላል? ድመት ከወደደ ግን ሰው ዝም ብሎ ያየዋል። ድመት ለአይጥ ናት። አይጡ ካለቀ የእሷም ሥራ አለቀ። እኔ ደግሞ ማታ ከሥራ ስገባ ከአፌ የሚቀድመው «ውሮ በላች?» የሚል ነው። ባለቤቴ ይሄን ስትሰማ አትቆጣም። ዝም ትላለች። ያ ዝምታዋ በክረምት ጦሳ ላይ ከሚተኛው ጭጋግ ይወፍራል።

ስለዚህ በድብቅ ነበር የምወዳት። ሰው ሲመጣ «ሂጂ ወዲያ!» እላታለሁ። እሷም ነገሩ ስለገባት ሄድ ትልና እንግዳው ሲወጣ ትመለሳለች።

አንድ ሌሊት ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ውሮ ማስመለስ ጀመረች። በዚያ ሰዓት ማንን ታስነሳለህ? ስልኬን አወጣሁና ቴሌግራም ላይ «ድመት» ብዬ ፈለግሁ። አንድ ግሩፕ መጣልኝ። ስሙን አልናገርም፤ ግማሹ አባል እዚያ እንዳለ ቤተሰቡ አያውቅም። ገባሁና «ወገኖች፣ ድመቴ ታመመችብኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። «አብሽር ወንድሜ» አለኝ አንዱ። «ምን በላች?» አለች ሌላዋ።

«ሽሮ ፍትፍት።»

«ሽንኩርት አለው?»

«ሽሮ ያለ ሽንኩርት ይሠራል እንዴ?»

ይሄኔ አንድ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ብቅ አለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚያፈርስ አስረዳኝ። እኔ እኮ ስንት ዓመት በፍቅር ስመርዛት ነው የኖርኩት! አፈርኩና ቢያንስ አሁን ልርዳት ብዬ፣ «ፓራሲታሞል ፈጭቼ በወተት ልስጣት?» አልኩ። የመጣልኝን ቃለ አጋኖ ቆጥሬዋለሁ። 17 ነው። ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። ወተቱም ቢሆን ለብዙ ትልልቅ ድመት ሆድ አይስማማም። በዚያች ሌሊት ስለ ድመት የማውቀው ሁሉ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ውሃ ብቻ አጠጥቼ፣ በጠዋት ለሐኪም አሳይቼ፣ ተረፈች።

እውነቱን ልናገር፣ የገረመኝ መትረፏ አይደለም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ለአንድ ድመት ብሎ የነቃ ሰው መኖሩ ነው።

ግሩፑ 143 አባል አለው። ብዙው ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ነው። ከወልዲያ አለ። ከባቲ አንድ አለ፤ ሰኞ ሰኞ ገበያ ስለሆነ አይጽፍም። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አለን፤ መቼም ቢጠየቅ ሚሌና ኮምቦልቻ መሀል ነው። ድመቱን ጋቢና ውስጥ ይዞት ይሄዳል። የሁላችንም ፕሮፋይል አበባ ነው። የኔ ጽጌረዳ ነው።

የመጀመሪያው ችግራችን ስም ሆነ። አንዷ «ውሮ ጠፋችብኝ» ብላ ትጽፋለች። «የትኛዋ ውሮ?» ይባላል። የሁሉም ድመት ስም ውሮ ነው ለካ! እንደ ልዩ ፍቅር ቆጥረን ስንደብቀው የኖርነው ነገር ስም እንኳ ለማውጣት አላደከመንም። በመጨረሻ በሰፈር ተለዩ። የሆጤዋ ውሮ፣ የቧንቧ ውሃዋ ውሮ፣ የፒያሳው ውሮ። የሾፌሩ ድመት ሰፈር ስለሌለው «የመንገዱ ውሮ» ተባለ።

ሁለተኛው ሰላምታ ነው። ወሎዬ ሰላም ሳይባባል ወደ ነገሩ አይገባም። «አማን ናችሁ? ቤተሰብ አማን ነው? ከብቱ አማን ነው?» ሰባት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይመጣል። አምስቱ ደቂቃ ሰላምታ ነው፤ አንዱ ምርቃት። በቀረችው አንድ ደቂቃ ድመቷ ጣራ ላይ ወጥታ መውረድ እንዳቃታት ይነገራል። ምርቃቱ ሳያልቅ ብዙ ጊዜ ራሷ ትወርዳለች።

ከዚያ የሥጋው ነገር መጣ። ይሄን ከወሎ ውጭ ላለ አንባቢ ማብራራት ሊያስፈልግ ነው። በእኛ ቤት አያቴ ሼህ ናቸው፣ አክስቴ እማሆይ። እንደኛ ያለ ቤት ወሎ ውስጥ ሞልቷል። ቡናው አንድ ነው፣ ለቅሶው አንድ ነው፣ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። ሰርግ ሲደገስ የእስላም በሬ ለብቻ ይታረዳል፣ የክርስቲያን ለብቻ። ሙሽራው እንኳ አንዱን ይመርጣል። ሁለቱም ዳስ ገብታ ሳትመርጥ የምትበላ ድመት ብቻ ናት።

ሁዳዴ ሲገባ የክርስቲያን ቤት ድመት ትከሳለች። ቤቱ ለ55 ቀን ሥጋ አያይም፤ ለእሷ ብሎ ሉካንዳ የሚሄድ የለም። በግሩፑ ደንብ የሙስሊም አባላት ለሰፈራቸው ጾመኛ ድመት ቁራጭ ያቀብላሉ። ጥሩ ደንብ ነበር። በ2017 ግን ሁዳዴው የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ተከተለው። ቀን ቀን ደሴ ውስጥ ሥጋ የሚበላ ሰው አልተገኘም። መፍትሔውን ያገኘችው ውሮ ራሷ ናት። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ጆሮዋ ቀጥ ይላል። በአጥሩ ላይ ትዘልና ጎረቤት ማፍጠሪያ ላይ ትገኛለች። አንድ ቀን እንኳ አልዘገየችም። እኔ ለቅዳሴ እንደሷ ሰዓት አክብሬ አላውቅም።

የሐይቅ ልጆች በዚህ ጊዜ ዝም ቢሉ ጥሩ ነበር። አላሉም። ድመቶቻቸው ከሐይቁ ዳር ትኩስ ዓሣ ሲበሉ ፎቶ ለቀቁ። ወዲያው «ዓሣ በጾም ይበላል ወይ?» የሚል ክርክር ተነሳ። ዲያቆን ጠቅሶ የመጣ አለ፣ መምህር ጠቅሶ የመለሰ አለ። ሦስት ቀን ቀጠለ። ድመቶቹ ዓሣውን ጨርሰው ተኝተዋል። አድሚናችን በመጨረሻ ግሩፑን ዘጋና እንደ አበጋር ሁለቱንም ወገን በውስጥ መስመር አስታረቀ።

ከዚህ የከፋው የመቅደላው ጉዳይ ነው። አቢሲኒያን የሚባል የድመት ዘር አለ። ወሬው እንዲህ ነው፦ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ዙላ የተባለች ድመት አብራ እንግሊዝ አገር ገባች፤ ዘሩም ከእሷ መጣ ይባላል። ይሄን አንድ አባላችን አነበበ። መቅደላ ደግሞ የት ነው? ወሎ! ልጁ እንቅልፍ አጣ። «ታቦቱ ይመለስ፣ ብራናው ይመለስ እያልን ድመቷን እንዴት እንረሳለን?» ብሎ ጻፈ። አቤቱታ ተረቀቀ። 61 ሰው ፈረመ፤ ሁሉም በአበባ ፕሮፋይል። የእንስሳት ሕክምና ተማሪው በቀስታ ገባና የዘረመል ጥናቱ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ እንጂ ወደ እኛ እንደማይጠቁም ተናገረ። ለሁለት ቀን ማንም ሰላም አላለውም። እዚህ አገር ሰላም አለመባል ከመባረር ይከፋል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሳናስበው ቅሬ ሆንን። ሌላው አገር እድር ይለዋል፣ ወሎ ቅሬ ነው። ሦስት ወሎዬ በአንድ ነገር ከተስማማ አራተኛው መዝገብ ይከፍታል። መጀመሪያ ለታመመ ድመት መታከሚያ በወር 20 ብር በቴሌብር እንሰብስብ ተባለ። ገንዘብ ያዥ ተመረጠ። ከዚያ ጸሐፊ። ከዚያ የታመመ ድመት ዜና አይቶ «አይዞሽ» ያላለ 10 ብር ይቀጣል ተባለ። እኔ ሁለቴ ተቀጥቻለሁ፤ አንዱን ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ብል የሰማኝ የለም። በመጨረሻ አንቀጽ 9 ገባ፦ ድመት የሞተበትን አባል ቅርብ ያለ ሁሉ በአካል ሄዶ ያጽናናል። እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ሞት የሰው ቤት እንጂ የኔን የሚያንኳኳ አልመሰለኝም።

ውሮ ባለፈው ጥቅምት ሞተች። 14 ዓመቷ ነበር። ምድጃ አጠገብ ተኝታ ቀረች። ያቺ ዝምተኛ ባለቤቴ ምንም ሳትል አሮጌ ነጠላዋን ከሳጥን አወጣች። ጠቅልላ ሰጠችኝ። ከጓሮ፣ ጌሾው ሥር ቀበርኳት። ስገባ ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ለምን እንደምትከትፍ አልጠየቅኳትም፤ ወጡ ተሠርቶ አድሯል።

ለግሩፑ አንድ መስመር ጻፍኩ። ጥፋቴ እሱ ነው።

እሑድ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዎች በር ላይ ቆሙ። አንዳቸውንም ዓይቼ አላውቅም፤ ግን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዙረዋል። ስኳር የያዘ አለ፣ ቡና የያዘ አለ፣ ድፎ ዳቦ የያዘች አለች። ሾፌሩ ከመንገድ ያመጣትን አንድ ጣሳ ቱና በሁለት እጁ አቀበለኝ። «ደርሼላት ቢሆን...» አለና ዓይኑን ጠራረገ።

አስገባኋቸው። ሰፈሩ ግን ዓይን አለው። ነጠላ አዙሮ የገባ ሰው ታይቶ ዝም ይባላል? ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ከውጭ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁ። የሰፈሬ ቅሬ፣ እውነተኛው ቅሬ፣ ድንኳን እየተከለ ነው። አግዳሚ ተደርድሯል። የቅሬው ዳኛ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በቁጣ ያዩኛል። ጸሐፊው መዝገብ ዘርግቶ ቆሟል።

«አንተ ልጅ፣ ቅሬ ሳይሰማ ሰው ይቀበራል? ምን በደልንህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እሱ እንኳ... ሰው እንኳ...»

«የሟች ስም?» አለ ጸሐፊው።

መዋሸት አቃተኝ። «ውሮ» አልኩ።

ጸሐፊው ጻፈ። ጻፈና እስክሪብቶውን አንስቶ ጠበቀ። ጎንበስ ብዬ መዝገቡን አየሁት። «ወ/ሮ» ይላል።

«ወይዘሮ ማን?»

«በቃ ውሮ ናት።»

ዳኛው ትዕግሥታቸው አለቀ። «ስሙ ይቆየን። እስላም ናት ክርስቲያን? እሱን ንገረን፤ የምንሄድበትን እንወቅ።»

«ጋሼ... ከሁለቱም ቤት ትበላ ነበር።»

ድንኳን የሚተክሉት ልጆች ገመድ እንደያዙ ቆሙ። ከውስጥ፣ ከማድ ቤት በኩል፣ ባለቤቴ ስትስቅ ሰማኋት። አንድ ሳምንት ሙሉ አልሳቀችም ነበር። ሳቋ ለዘጠኙ ለቀስተኞች ተጋባ። ሾፌሩ ቱናዋን ታቅፎ ይንፈቀፈቃል።

ዳኛው አልሳቁም። ድንኳኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ነጠላ ያዞሩትን ሴቶች አዩ።

«ድንኳኑን አውርዱት» አሉ። «አግዳሚው ይቆይ። ቡና ተፈልቷል አይደል?»

ገቡ። አቦሉን ዝም ብለው ጠጡ። ቶናው ላይ ከየት እንደመጡ እንግዶቹን አንድ በአንድ ጠየቁ፤ ከሐይቋ ሴት ጋር በአያት በኩል ዝምድና ሊወጣላቸው ምንም አልቀረም። በረካው ሲቀዳ ወደኔ ጠጋ አሉ።

«እስቲ ያን ግሩፕ የምትሉትን አሳየኝ።»

ስልኬን ሰጠኋቸው። ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። የራሳቸው ስልክ ቁልፍ ያለው ነው፤ ደረት ኪሳቸው ውስጥ በላስቲክ ታስሯል።

«ጻፍልኝማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግራጫ ናት በል። ሆዷ ነጭ ነው። ሰው ፊት አትቀርብም፤ ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ግን ሌሊት እግሬ ሥር ነው የምትተኛው። ሽንኩርቱንም አላውቅም ነበር፤ አሁን ነው የነገሩኝ።»

ጻፍኩ። «ስሟን ማን ልበል ጋሼ?»

እንደ ሞኝ አዩኝ።

«ውሮ ነዋ!»